የክረምት ሲምሲሚያ

መተማ ዮሐንስ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የታዘዝኩት ሰሊጥ እንዳኝክ ነው። ከጎጃም ለአጨዳ ወርጄ፣ አጨዳው ሲያልቅ አገሬ መመለሱን ጠላሁትና ሐጂ ኢድሪስ ጣፋጭ ቤት ተቀጠርኩ። እፍኝ እፍኝ ሰሊጥ ሰጡኝና አዲሱን ከከረመው ለዪ አሉኝ። ያን ያህል ሳጭደው ከርሜ አንዲት ፍሬ ቀምሼ አላውቅም ነበር፤ አፈርኩ። እንደ ምንም ለየሁት።

“እኔ ስኳር ይዞኛል፤ መቅመስ ተከልክያለሁ” አሉ። “የቀጠርኩት ጥርስሽን ነው።”

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

ሲምሲሚያ የሰሊጥና የስኳር ጣፋጭ ነው። ስኳሩ እሳት ላይ ሲቀልጥ ሎሚ ጠብ ይደረግበታል፤ አለዚያ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል። ከቀለጠው ስኳር አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥለን እንነክሰዋለን፤ ጥርስ ላይ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ከተሰበረ ደርሷል። ያኔ የተቆላውን ሰሊጥ ጨምረን እናማስላለን፣ ዘይት የተቀባ ትሪ ላይ እንዳምጠዋለን፣ ሳይቀዘቅዝ እንቆርጠዋለን። የዘገየ ሰው ድንጋይ ሲቆርጥ ይውላል።

የመጨረሻው ፈተና የሐጂ ጆሮ ነበር። አንድ ቁራሽ ጆሯቸው ሥር እሰብርላቸዋለሁ። የኅዳሩ፣ ሰሊጡ አዲስ አየሩም ደረቅ ስለሆነ፣ ቀጭ ይላል። የሚያዝያው በሙቀቱ ትንሽ ይለዝባል። ክረምት ሲገባ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም፤ እርጥበቱ ገብቶበት ውኃ ያወጣል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ትሪዎቹን አጥበን እንሰቅላለን፤ እስከ መስቀል ድረስ ለውዝና ተምር ብቻ እንሸጣለን። ደንበኛ ቢለምንም ቢቆጣም ሐጂ ንቅንቅ አይሉም። የሚያለቅስ ጣፋጭ በስሜ አይወጣም ይላሉ።

ሲምሲሚያ የሚበላበት መውሊድ ግን በጨረቃ ነው፤ ክረምት በጋ አይልም። እኔ ስቀጠር በደረቁ ወር ነበር የሚውለው፤ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየሸሸ ነሐሴ ላይ ደረሰ።

ያን ጊዜ ሐጂ አልጋ ላይ ውለዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ከማዶ፣ ከሱዳን፣ ጦርነት የሸሹ ሴቶች በራችን ላይ ቆመው ለመውሊድ ሲምሲሚያ ጠየቁኝ። በክረምት አንሠራም አልኳቸው። ኡም ሐሰን የምትባለው ትልቋ ሴት አልተቆጣችም።

“ቤቴን ጥዬ መጥቻለሁ፤ መውሊዱንም ልጣለው?” አለችኝ።

ገብቼ ለሐጂ ነገርኳቸው። እሳቸውም ተወልደው ያደጉት ከማዶ ነው። እንቢ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አንጀቴን በሉት፤ ተናደድኩባቸውም።

“ሐጂ፣ ይዘውት አይሄዱም። እርጥበት ሳይገባበት እዚሁ በራችን ላይ ቆመው ይብሉት።”

ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። “አሰሚኝ። ካልጮኸ ለማንም አትሰጪም።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የመጀመሪያውን እንደ ልማዴ ሠራሁት፤ እንደ ሙጫ ትሪው ላይ ተለጠፈና ደፋሁት። ለሁለተኛው ትሪውን ከሰል ላይ አሞቅሁት። ስኳሩንም ከልማዱ አሳልፌ፣ እስኪቀላ፣ አፍንጫዬ በቃ እስኪለኝ አቆየሁት። ሴቶቹ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግተው ይጠብቃሉ። ቢከሽፍ ምን ብዬ እንደምወጣላቸው አላውቅም ነበር። ቆርጬ፣ ሲደርቅ አንዱን ይዤ ወደ ሐጂ ሮጥሁና ጆሯቸው ሥር ሰበርኩት።

ቀጭ አለ።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። “ትንሽ አርሯል” አሉ። ቀመስኩት፤ እውነታቸውን ነው፣ መሯል። ሦስተኛ ልሥራ ብዬ ብድግ ስል እጄን ያዙኝ።

“ተይው። ዘንድሮ ይምረር። ሳያለቅስ ስጫቸው።”

ሴቶቹ በራችን ላይ ቆመው በሉት። ሲሰብሩት የሚወጣው ድምፅ እስከ አልጋው ድረስ ይሰማል። ሐጂ እስኪያልቅ ድረስ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው አዳመጡ። የዚያን ዓመት ሰሊጥ ሳይታጨድ አረፉ።

አሁን ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰኔ ሲገባ ትሪዎቹን እሰቅላለሁ፤ አንዱን ብቻ ለመውሊድ አስቀራለሁ። ለአዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ በበጋ የሠራችሁትን ሰው ወደ ቤቱ ይውሰደው፤ በክረምት የሠራችሁትን እዚሁ ፊታችሁ ይብላው።