ጋን የገባው ሎሚ

ባለጋዙን የሎሚ መጠጥ የተማርኩት ሞጣ ስሠራ ከሙስሊም ጎረቤቴ ነው። በረመዳን አመሻሽ ላይ ሎሚ ትጨምቃለች፣ በማር ትበጠብጠዋለች፣ ጤና አዳም ጣል ታደርግበታለች። ባለጋዙን ውሃ ግን አዛን እስኪሰማ አትነካውም። ከዚያ ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋ በጎኑ ስታንቆረቁረው አረፋው ከሥር እየተነሣ ሲወጣ፣ ሲወጣ አያለሁ። ጿሚዋ እሷ ሆና ሳለ ዓይኔ የሚከብደኝ እኔ ነኝ፤ የልጆቿ ድምፅ ሁሉ ከብርጭቆው ውስጥ የሚመጣ ይመስለኛል። ዛሬም ሎሚ በቆረጥኩ ቁጥር እንደዚያው ፍዝዝ እላለሁ፤ ጣቴን የቆረጥኩት ስንት ጊዜ ነው።

ቢቸና ያለው አባቴ ጉበቱን ታሞ ሐኪም አረቄ የከለከለው በዚያው ዓመት ነው። አንድ መለኪያም ቢሆን ይገድልሃል ተብሏል። የጨነቀው ግን አረቄው ብቻ አልነበረም። የማርያም ዕለት የልጅነት ወዳጁ እንደ ወትሮው ይመጣሉ፤ ለእሳቸው ታመምኩ ብሎ መናገር ሞት መሰለው። እንደማይነግራቸው ገብቶኝ ፈራሁ። ካልነገራቸው ይጠጣል።

ስለዚህ በአረቄው ፋንታ የሎሚውን መጠጥ ላቀርብ ባለጋዙን ውሃ ከሞጣ ተሸክሜ ሄድኩ። በዋዜማው ሎሚውን ጨምቄ፣ በማር በጥብጬ፣ ውሃውን እንግዳው ሲመጡ እንጨምራለን ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ሳያድር የሚጣፍጥ መጠጥ አይታ አታውቅም። ዘወር ስል ሎሚውንም ውሃውንም ጋን ውስጥ ገልብጣ፣ ኃይሉ እንዳይወጣ አፉን በጨርቅ ጠፍራ አሳደረችው። ጠዋት ስከፍተው አንዲት አረፋ የለችም። ተቆጣሁ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ። እሷ ግን ጋኑ በደንብ አልታጠነም ብላ ጋኑን ወቀሰች።

እንግዳው ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀምሼ ለሁለቱም ቀዳሁ። እሳቸው አንዴ ተጎነጩና ብርጭቆውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር የአረቄ ጠርሙስ አወጡ።

«ይኸማ ነፍስ የለውም፤ ነፍስ እንዝራበት እንጅ» ብለው የአባቴ ብርጭቆ ላይ ሊቀዱ ጠርሙሱን ዘንበል አደረጉ።

አባቴ ብርጭቆውን በእጁ ከደነው። መጠጥ ሲከድን በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። እሳቸው የሚቀልድ መስሏቸው እጅህን አንሳ አሉት። አላነሳም።

«ታምሜያለሁ» አለ። «ትንሽ ልሰንብት።»

እንግዳው ጠርሙሱን ወደ ጋቢያቸው መለሱ። ያን አረፋ የሌለው ሎሚ እስከ ሥሩ ጨልጠው ባዶውን ብርጭቆ ወደ እኔ ዘረጉ።

«ድገሚን» አሉኝ።