የውዳሴ አራት ኖታ

ጋሽ መኳንንት አፋቸውን መያዝ ቢችሉ ኖሮ ያን ሰሞን እንቅልፍ ባላጡ ነበር። ልጃቸው ውዳሴ ቼሎ የሚሉትን ድምፀ ወፍራም ባለ ቀስት መሣሪያ የምትጫወትበት፣ ባሮክ የተባለውን የድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ የሚያቀርብ ቡድን ዳውንታውን ካለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮንሰርት ሊያቀርብ ነው ሲባል፣ በስደት የሚኖሩበት ዋይትሆርን ሰፈር ያለውን የጽዋ ማኅበራቸውን በሙሉ ጋበዙ። ጋብዘው ቢያበቁ ጥሩ ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው መሪዋ የኔ ልጅ ናት ብለው አረፉት።

ሰውየው በአዘቦት የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳሉ፣ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይመታሉ። ስለ ሁለቱም ብዙ አያወሩም። ስለ ልጃቸው ግን ማቆሚያ የላቸውም። ነርሲንግ ትታ ሙዚቃ ስትገባ ያኮረፉትን ኩርፊያ የሚያስታውሷቸው የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴዋ እትዬ ገበያነሽ ብቻ ናቸው።

ኮንሰርቱ ሲቃረብ ውዳሴ እሳቸው ቤት መጥታ ስትለማመድ ሰሟት። አራት ኖታ ይዛ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ተመልሳ ከላይ ትጀምርና ያችኑ ትወርዳለች። ጋሽ መኳንንት የጣዱት ሽንኩርት በስሎ እንኳ እሷ እዚያው ናት። ዜማው መቼ ነው የሚመጣው ብለው ጠየቋት። ዜማውማ የባለ ቫዮሊኗ ልጅ ድርሻ ነው አለቻቸው።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። ከባሮክ በፊት አውሮፓ ውስጥ ብዙ ድምፆች እኩል እየተጠላለፉ ይዘመር ስለነበር ቃሉ አልሰማ ይል ነበር። በፈረንጆች አንድ ሺህ ስድስት መቶ ገደማ ጣሊያን ውስጥ አንዱን ድምፅ ለብቻው ከላይ ለቀቁትና ባስ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ከሥሩ አነጠፉለት። የላይኛው እየደፈረ ሄደ፤ ተጫዋቹም ያልተጻፈ ጌጥ ከራሱ ይጨምርበት ጀመር። ሙዚቃው እየሰፋ፣ እየተወሳሰበ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲጓዝ ባሱ፣ ማለትም የቼሎዋ ድርሻ፣ ግን ከሥሩ አልተለየም።

ከዚህ ሁሉ ጋሽ መኳንንት የያዙት አንድ ነገር ነው፤ ጌጡ የሌላ ሰው ልጅ፣ ወለሉ የእሳቸው ልጅ። "ታዲያ አንቺን ማን ሊሰማሽ ነው?" አሉ።

ውዳሴ ቀስቷን አስቀመጠች። "አባዬ፣ ሌላው ሰው ባይሰማኝ አይ ዶንት ኬር። አንተ እንድትሰማኝ ነው የፈለግኩት።"

ጋሽ መኳንንት ወደ ድስቱ ዞሩ። ሽንኩርቱን ማማሰል ያዙ።

የኮንሰርቱ ቀን በረዶው ሲወርድ ዋለ። ማኅበርተኛው ነጠላውን አጣፍቶ መጣና፣ ቤተ ክርስቲያን ነውና በር ላይ ጫማውን አውልቆ ደረደረ። ከኋላ የመጡት ፈረንጆች ግራ ገባቸው፤ ይሉኝታ ይዟቸው ግማሾቹ እነሱም አወለቁ። ያን ቀን ባሮክ በካልሲ ተሰማ።

እትዬ ገበያነሽ ግን ዓይናቸው መሪዋን ይፈልጋል። ዳር ከተቀመጠችው ከውዳሴ ላይ ሲያርፍ ወደ ጋሽ መኳንንት ዘወር አሉና መቼ ነው የምትመራው ብለው ጠየቁ። አሁን ትጀምራለች አሉ ጋሽ መኳንንት፣ ምሰሶው ቢሸሽጋቸው እየተመኙ።

ባለ ቫዮሊኗ ልጅ ከላይ ስትንቆረቆር ሰው ሁሉ እሷን ያያል። መሃል ላይ የቫዮሊኗ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰ። ልጅቷ ደንግጣ እጇን አወረደች። ውዳሴ አላቆመችም፤ አራቷን ኖታ ይዛ ወረደች፣ ተመልሳም ወረደች። አዳራሹ እነዚያን ኖታዎች ገና አሁን ሰማቸው።

የጋሽ መኳንንት እጅ ባለቤቱን ሳያማክር ተነሳ። የፊት ለፊቱን አግዳሚ ወንበር እንደ ከበሮ ዱም አደረገው፤ ከበሮ የሰማ ማኅበርተኛ ደግሞ ሳያጨበጭብ አይቀመጥምና ለስለስ አድርጎ ተቀበላቸው። ውዳሴ ቀና አላለችም፤ ትከሻዋ ግን ዘና ሲል አዩ። ባለ ቫዮሊኗ ልጅ የጓደኛዋን ቫዮሊን ተውሳ ስትመለስ ያቆመችበት ቦታ ልክ እንደነበረ ይጠብቃት ነበር።

ያኔ ጋሽ መኳንንት በራሳቸው አፈሩ። እሁድ እሁድ ሰው የሚያየው ዘማሪዎቹን ነው፤ ከበሮውን ማን ያያል? እሳቸውም አንድ ቀን ቅር ብሏቸው አያውቅም። ለልጃቸው ሲሆን ነው ያነሰባቸው።

ኮንሰርቱ አልቆ ሁሉም ጫማውን ፍለጋ ሲተራመስ፣ እሳቸው በካልሲያቸው ወደ ውዳሴ ሄዱ። ብዙ ሊናገሩ አስበው ነበር።

"ሰማሁሽ" አሏት።

ውዳሴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች። "እኔም ሰምቼሃለሁ አባዬ። ትንሽ ፈጥነሃል።"

በከበሮ ጉዳይ ከካህናቱም እርማት ተቀብለው የማያውቁት ጋሽ መኳንንት፣ በሚቀጥለው አስተካክላለሁ አሉ።