በጎን የምታየው ንግሥት

አንኮበር በኖርኩበት ዘመን ሰፈሩ ሁሉ ከኋላዬ «ዝገት ለቃሚው» ይለኝ ነበር። ይበለኛ! ሥራዬ ሥዕል ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳንን እሥላለሁ። ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ማንም የማይቀበለውን ገንዘብ እሰበስባለሁ። ጠገራ ብር እንዳይመስላችሁ፤ ጠገራማ ከየት መጥቶ! የኔዎቹ የጥንት የሮም ቄሣሮች ያሠሯቸው የመዳብ ገንዘቦች ናቸው። አውራ ጣት ጥፍር የሚያካክሉ፣ ዳር ዳራቸው የተሸራረፈ፣ አንዳንዶቹም አንገት ላይ ሊታሰሩ የተበሱ። ከባሕር ማዶ መጥተው፣ ከጨሌና ከመዳብ ቁርጥራጭ ጋር ተደባልቀው፣ በዘይላ በኩል በነጋዴ ግመል ወደኛ ይወጣሉ። ደህና ደህናውን ፈረንጆቹ እዚያው ወደቡ ላይ መርጠው ይወስዱታል። ፊቱ ያለቀው ለኔ ይተርፋል።

የመጀመሪያዋን ያገኘኋት በተወለድኩበት በደብረ ብርሃን ገበያ ነው። አንዲት የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ባና የምትሸጥ ሴት ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራት ነበር። የአሞሌ ጨው ስባሪ ብሰጣት ፈታ አቀበለችኝና «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንገቴን ስታሳክከኝ ነው የኖረችው» አለችኝ። ቤት ወስጄ በሎሚ አሸኋት። ምንም የለባትም፤ ልሙጥ ናት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በር ላይ ቆሜ ወደ ብርሃኑ አጋደል ባደርጋት ግን፣ ከዚያ ልሙጥ መዳብ ላይ የአፍንጫ ጥላ ወጣ። ቀጥሎ አገጭ፣ ቀጥሎ አንገት። ስንት እጅ ዳብሶት፣ ስንት ዘመን አፈር በልቶት፣ ሰውየው አሁንም አለ። ያን ቀን የያዘኝ አባዜ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ ምላሷ ስለት ነው። «የሰው ባል ከገበያ ማር ይዞ ይገባል፣ የኔው ዝገት ይዞ ይገባል» ትላለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ገንዘቦቹ የሚቀመጡባትን የቆዳ ከረጢት ግን የሰፋችልኝ እሷው ናት።

ከሁሉ የምወዳትን ያገኘሁት አልዩ አምባ ነው፤ ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ የነጋዴዎቹ ገበያ ያለበት። እዚያ አንድ አርጎባ ነጋዴ ደንበኛዬ ነበር። ከሩቅ ሲያየኝ ጠራኝ።

«ና አንተ ክርስቲያን! ላንተ ያስቀመጥኩት ነገር አለ። ወላሂ፣ ዘይላ ላይ አንድ ፈረንጅ አይቶ ‹ይህቺ የክርስቲያኖቹን መስቀል ከመሬት ቆፍራ ያወጣችው ንግሥት ናት› አለኝ።»

«ታዲያ ፈረንጁ ለምን አልገዛትም?»

«ፊቷ አልቋል አለኛ። አላህ ላንተ ብሎ ያስቀረልህ ነው።»

በርበሬ ልገዛበት የወረድኩትን ጨው አስረክቤው፣ ባዶ ስልቻዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ያንን ዳገት እያለከለክሁ ወጣሁ። ባለቤቴ «በርበሬውስ?» አለችኝ። ንግሥቲቱን አሳየኋት። አገላብጣ አየቻትና «ማተብህን አይቶ ነው ስም ያወጣላት፤ ሌላ ሰው ቢሄድ ሌላ ስም ያወጣላት ነበር» አለች። ሊሆን ይችላል። ሰም አሙቄ ሰሙ ላይ ሳትማት ግን የሴት ፊት ወጣ፤ ጠጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ ዘውድ የመሰለ ነገር ደፍታ። እኔ አመንኩ። ያን ሰሞን ወጥ ያለ በርበሬ በላን።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። በነዚህ ገንዘቦች ላይ ያለ ፊት ሁሉ በጎን ነው የሚታየው። እኛ ሠዓሊዎች ደግሞ ሕግ አለን። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ናቸው። መምህሬ ይህን ያስተማሩኝ በኩርኩም ነው። ታዲያ ቅድስት ንግሥት እንዴት አንድ ዓይን ብቻ ይኖራታል?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ አንዲት ባልቴት አስጠሩኝ። እሜቴ እንላቸው ነበር፤ የደህና ሰው ልጅ ናቸው፣ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጃቸው ከነጋዴ ቅፍለት ጋር ወደ ዘይላ ወርዶ በዚያው ቀረ። ጓደኞቹ ሲመለሱ «በረሃው ላይ አሞት፣ ከአንድ ውሃ ጉድጓድ ዳር ትተነው አለፍን» ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። ሞተ እንዳይሉ ያየ የለም፤ አለ እንዳይሉ የመጣ የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ፍትሐት አላስፈቱም፣ ተዝካር አላወጡም። ሰው ደግሞ አያርፍም፤ «ልጁ ሞቶ ከሆነ ነፍሱ ያለ ፍትሐት ትንከራተታለች» እያለ ያማል። እሳቸውም ይሰማሉ። ፍትሐት ካስፈቱ ግን ልጃቸውን በገዛ አፋቸው መግደላቸው ሆኖ ታያቸው።

«ያቺ የተቀበረውን ያገኘች ንግሥት የኔንም ታገኝልኛለች» አሉኝ። «ሴቶች በሚቆሙበት በኩል፣ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ሣልልኝ። ስቆም እንድታየኝ አድርገህ።» ከሁለት በሬያቸው አንዱን ሸጠው ቀለሙንና ጨርቁን ቻሉ።

እንግዲህ አስቡት። የንግሥቲቱን የገዛ መልኳን በከረጢቴ ይዤ፣ እንዴት አድርጌ በልማድ የሚሣለውን ፊት ልሣል? እጄ እምቢ አለኝ። ጨርቁን ግድግዳው ላይ ለጥፌ፣ በከሰል መልኳን ነደፍኩ፤ መዳቡ ላይ እንዳለችው፣ በጎን፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ። አማረችኝ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ በፊት እንዲያ ያለ አፍንጫ ሥዬ አላውቅም።

እሜቴ ሊያዩ መጡ። ቀና ብለው ብዙ ቆዩ።

«ማናት ይህቺ?»

«ንግሥቲቱ ናት፣ እሜቴ።»

«አንድ ዓይኗን ምን ወሰደው?» አሉኝ። «እንድታየኝ ብዬ በሬዬን ብሸጥ፣ ፊቷን አዞርክብኝ?»

እኔም ቱግ ማለት አመሌ ነው፤ «እኔ አይደለሁም ያዞርኳት፣ ድሮም እንዲህ ናት፣ ይኸው!» ብዬ መዳቧን እጃቸው ላይ አኖርኩ። የሚወረውሩብኝ መስሎኝ ነበር። አልወረወሩም። ዓይናቸው ስለደከመ በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት።

«ከየት ተገኘች?»

«ከመሬት ነው የሚያወጧቸው ይላሉ። ገበሬ ሲያርስ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር።»

ወለሉ ላይ ተቀመጡና መዳቧን በሁለት እጃቸው ያዟት።

«የሚፈልግ ሰው ቆሞ የሰው ፊት አያይም» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ትንሽ ሳለ አንድ ቀን ጠፍቶብኝ ነበር። ያን ቀን የማንን ፊት አየሁ? ጥሻ ጥሻውን ነው ያየሁት። እሷም እየፈለገች ነው።» ከዚያ ቀና አሉ። «ወዴት ነው የምታየው?»

«ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ ቆላው።»

«ተዋት እንግዲያ። እንደዚያው ትሁን።»

እሜቴ «ተዋት» ቢሉም የደብሩ አለቃ ደግሞ ነበሩ። ገብተው ሲያዩ «እግዚኦ! መቅደሱ ላይ ሰይጣን ሣልክብን?» ብለው ጮኹ። መዳቧን ባሳያቸው «የአረማዊ ገንዘብ አምጥተህ ልታስተምረኝ ነው?» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ ተሟገትኩ፣ ማን ሰምቶኝ! ተናድጄ ቤቴ ገባሁና እህል አልቀምስም አልኩ። ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «ሰው አንገቱን ሳያዞር በጎን አያይም እንዴ? እኔ ይሄው አንተን በጎን እያየሁህ ነው» አለችኝ። እውነትም እያየችኝ ነበር፣ ለዚያውም በክፉ ዓይን።

በማግሥቱ ከሰሉን አራግፌ ንግሥቲቱን ፊት ለፊት ሣልኳት። ሁለቱም ዓይኖቿ ትልልቅ፤ ብሌናቸው ግን ወደ ምሥራቅ ጥግ ተሰብስቧል። አለቃው ቀርበው አዩ።

«ሁለት ዓይን አላት?»

«አላት።»

«እንግዲያ ወዴት እንደምታይ እኔን አይመለከተኝም» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እሜቴ ሰንበት በመጣ ቁጥር ከሥዕሉ ሥር ይቆማሉ። ሥዕሉን ግን አያዩም፤ ሥዕሉ ወደሚያይበት ነው የሚያዩት። ቅፍለት ከቆላ በወጣ ቁጥር ደግሞ መንገድ ዳር ወጥተው ይጠይቃሉ። አንድ ግመል ነጂ «አውሳ ላይ አንድ የደጋ ልጅ አይቻለሁ» ካላቸው ይበቃቸዋል። ከዚያች ወሬ ላይ ቁመቱን ያወጣሉ፣ ድምፁን ያወጣሉ፣ ለምን እንደዘገየም ያወጣሉ። እኔ አንዱን ልሙጥ መዳብ ወደ ፀሐይ አጋድዬ አፍንጫ የማወጣው እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ አፌን ሞልቼ «ይተዉት» ልላቸው አልቻልኩም። ቅፍለት ወረደ፣ ቅፍለት ወጣ። ክረምቶች አለፉ። የቀረውም በሬያቸው አረጀ።

አንድ ዓመት መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ በትራቸውን ይዘው እቤቴ መጡ። ከዚያ በፊት መጥተው አያውቁም። ባለቤቴ ደንግጣ ቁርበት አነጠፈችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ጥቁር ቀለም አለህ?» አሉኝ።

«አለኝ፣ እሜቴ።»

«ጥቂት ይበቃል። ደክሟታል፣ ይብቃት። ዓይኗን ወደኔ መልሳት።»

«እሜቴ፣ ምናልባት እኮ ዘንድሮ የሚወጣው ቅፍለት . . .»

«አንተ!» አሉኝ። «ለካህናቱ ተናግሬ ነው የመጣሁ። ፍትሐቱ ነገ ነው።»

ባለቤቴ እጅጌዬን ጎተተችኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ማንም አልነበረም። መሰላሉን አስደግፌ ወጣሁ። የሁለቱን ዓይኖች ብሌን በቢላ ፋቅኩ፣ ነጩን ቀባሁበት፣ እስኪደርቅ እዚያው መሰላሉ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ሥዕል ሥያለሁ፤ እጄ የከበደኝ ያን ቀን ነው፤ ልጁን የምቀብረው እኔ ሆንኩና። እሜቴ ከታች ቆመው ይጠብቁኛል። አላጣደፉኝም። ሲደርቅልኝ ጥቁሩን መሐል ላይ፣ ቀጥ አድርጌ አሳረፍኩ።

«አሁንስ?» አልኩ፣ ዞሬ ለማየት ፈርቼ።

ስዞር እሜቴ ከሥዕሉ ትይዩ ቆመዋል፤ ራሳቸውን ቀና አድርገው ንግሥቲቱን ያይዋታል።

«አየችኝ» አሉ።

ነጠላቸውን ገልብጠው አዘቀዘቁ። ልጃቸውን በስሙ ጠሩና ጮኹ።