አንድ መቶ አራት ቃል በደቂቃ

ፈተናው በኖርስክ፣ በኖርዌይ ቋንቋ፣ የሚሰጥ ሆኖ ሦስት ክፍል ነበረው፤ መጻፍ፣ ማንበብ፣ መናገር። ቢየርቪካ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ዓመት ወለሉን ባጸዳሁበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ለታካሚዎች ታክሲ የሚይዝ የስልክ አገልግሎት ሰው ይፈልግ ነበር። አመለከትኩ። በኪቦርድ መጻፍ ማንም አላስተማረኝም። ከሚጣሉ ኪቦርዶች አንዱን ለምኜ ወስጄ፣ ፊደሎቹን በፕላስተር ሸፍኜ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ስለማመድ ከረምኩ። ስለዚህ የመጻፉ ውጤት አረንጓዴ ሲበራ አልገረመኝም። የማንበቡም አረንጓዴ ነበር። የመናገሩ ቀይ ሆነ። በደቂቃ አንድ መቶ አራት ቃል። የሚፈለገው አንድ መቶ አርባ ነው።

«ኖርስክህ ጥሩ ነው» አለችኝ ፈታኟ። «ብቻ ትዘገያለህ። ሰው ወረፋ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ ትሞክራለህ።»

ትቬይታ ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ።

«ድሮም ብዬሃለሁ። ባቡሩ ውስጥ ሄለሩድ ጣቢያ ላይ የጀመርከውን ሰላምታ ቶየን ጣቢያ ስንደርስ ነው የምትጨርሰው።»

«ሳላስብ አልናገርም።»

«ማሰብህን ማን ለካው፣ አባቴ?»

በባቡር ውስጥ በነፃ የሚገኘውን ጋዜጣ እያመጣሁ፣ ስልኬ እየቀዳኝ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ቅጂውን መልሼ እየሰማሁ ለእያንዳንዱ ቃል በእርሳስ አንድ ጭረት አሰፍራለሁ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት። አንድ መቶ ሃያ ዘጠኝ። በዘጠነኛው ቀን አንድ መቶ አርባ ስድስት ደረስኩ።

በዚያው ቀን ጋሼ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ከጽዳት ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እኔንም ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ነበሩ። ደብዳቤው አምስት ወር የጠበቁት የጨጓራ ምርመራ ቀጠሮ ነው። ፍጥነቴ በአማርኛም ይሠራ እንደሆነ ለማየት ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

«ገባዎት ጋሼ?»

«ያ፣ ያ» አሉ በኖርስክ፣ አዎ አዎ ለማለት። «ተባረክ።»

ከቀጠሮው ማግስት ገበያ ማዕከሉ በር ላይ አገኘኋቸው።

«መለሱኝ» አሉ።

«ለምን?»

«በልተሃል ብለው። አንዲት ቁራሽ ዳቦ በሻይ ነበር። ዕድሜ ልኬን ስጾም ኖሬ፣ አልጾምክም ተብዬ ተመለስኩ።» ፈገግ አሉ። አዲሱ ቀጠሮ ከአራት ወር በኋላ ነው። ሲናገሩ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ነበር።

«ነግሬዎት ነበር እኮ» ልል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት፤ ቤት ገብቼ ቅጂውን ከፈትኩ። በርግጥ ነግሬያቸዋለሁ። አርባ አንደኛው ሰከንድ ላይ፣ በክፍሉ ቁጥርና በአድራሻው መካከል፣ በአንድ ትንፋሽ፦ ከምርመራው ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ምንም አይብሉ፣ አይጠጡ። ከኋላው ትንሽ ዝምታ ሊመጣ ሲል የእኔው ድምፅ ሞላው። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ።

«ጋሼ፣ ለምን አላስቆሙኝም?»

«ቸኩለህ ነበራ። ልጁን ላስቸግረው እንዴ ብዬ።»

የፈተናው ቀን ፈታኟ ሰዓቱን አስነሳች። አንድ መቶ አርባ ስድስቱ ምላሴ ላይ ነበር። ስልክ ላይ መቀመጥ እፈልግ ነበር፤ ከመጥረጊያው ለመላቀቅ ከዚያ ሌላ መንገድ አልታየኝም። የተሰጠኝን ጽሑፍ ለጋሼ በምናገርበት አኳኋን፣ ከእያንዳንዱ ነገር በኋላ ሰው አፉን የሚከፍትበት ቦታ እየተውኩ ተናገርኩ። አንድ መቶ አራት።

«ምንም አልተሻሻልክም» አለች።

«ተሻሽዬ ነበር። ተውኩት።»

«ለምን?»

«‹ያ› የሚል ሁሉ ገብቶት አይደለም። አንዱ ደዋይ ስላልገባው ስንት ጊዜ መልሶ እንደሚደውል ትለካላችሁ?»

«ነይ» አለች፤ በኖርስክ አይ፣ አንለካም ማለቷ ነው።

«እሱን ለኩና እንነጋገር።»

ስልክ አልሰጡኝም። በጽሑፍ የሚመጡትን ጥያቄዎች እንድመልስ፣ መስኮት የሌለው ጥግ ላይ አስቀመጡኝ። ጓደኛዬ ሞኝ ይለኛል። «ቁጥሩ በእጅህ ነበር» ይላል። በእጄ ነበር፤ አሁንም በእጄ ነው።

የጋሼን ሁለተኛ ደብዳቤ ለማንበብ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። አራት ጊዜ አስቆሙኝ፤ አንዴ ሻይ ስኳር የሌለው ቢሆንስ ብለው ጠየቁኝ። ባዶ ሆዳቸውን ሄደው ተመርምረው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ፈተናው የሚመጣው በየስድስት ወሩ ነው። ስልክ ላይ ለመቀመጥ አሁንም አመለክታለሁ፤ አሁንም አንድ መቶ አራት ነኝ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አንድ መቶ አራት ሆነ። ባለፈው ሳምንት አንድ መቶ አምስት መጣ። ፈታኟ «ይኸው፣ እያደግክ ነው» ብላ ልትመዘግብ ስትል፣ አንዱን ቦታ ቸኩዬ እንዳለፍኩት ነገርኳትና እንደገና እንድትለካኝ ጠየቅኋት።