«አጉረመረመ» ብዬ የጻፍኩት ሰው

ያን ቀን የሠራሁት ጅል ሥራ አንዲት ቃል መጻፍ ነበር። ሌላው ሰው በሬ ሲገዛ ይሳሳታል፣ ቤት ሲሠራ ይሳሳታል። እኔ ግን የእጅ ጽሑፍህ ያምራል ከተባልኩ ወዲህ የምሳሳተው በእስኪርቢቶ ነው።

ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለው የሰፈራ መንደራችን የሽማግሌዎች ጸሐፊ ነኝ። ከወሎ ስንመጣ ፊደል ቆጥረው ከመጡት ጥቂቶች አንዱ ስለነበርኩ መዝገቡ እኔ ጋ ቀረ፤ ዓይኔ ቢደክምም አለቅም ብያለሁ። ሽማግሌዎቹ አንድ ደንብ አላቸው። ውሳኔ ሲነበብ ከባለጉዳዮቹ አፍ የወጣ ድምፅ ሁሉ ይጻፋል። አሜን ያለ «አሜን አለ» ይባላል። ያጉረመረመ ግን ውሳኔውን እንደናቀ ይቆጠርና ድርሻው ለባላጋራው ያልፋል። ደንቡ የወጣው ፊት ለፊት እሺ ብሎ ጓሮ ሲደርስ የሚያልጎመጉም ስለበዛ ነው። ከሚያልጎመጉሙት አንዱ ማን እንደነበረ አልናገርም፤ ጽሑፉ ያምራል።

የዚያ ቅዳሜ ጉዳይ አንድ የማንጎ ዛፍ ነበር። ዛፉ በጎረቤቴና በአንድ ሰፋሪ ነጋዴ ድንበር ላይ ቆሟል። ጎረቤቴ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛን ከእኛ የተማረ፣ ዕድሜያችን እኩያ፣ አጥራችን አንድ። ዛፉን የተከሉት አባቱ ናቸው። የቤቱ ሳሙናና የልጅ ልጆቹ ደብተር የሚወጣው ከዚያ ዛፍ ነው። ሽማግሌዎቹ ፍሬው እኩል ይካፈል ብለው ወሰኑ። ሰብሳቢው ሲያነብ ጎረቤቴ እጆቹን ሆዱ ላይ አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። «እኩል» የሚለው ላይ ሲደረስ ከጎረቤቴ ጉሮሮ ዝቅ ያለ፣ የሚጎተት ድምፅ ወጣ። እኔም ቀና ብዬ እንኳን ሳላየው «አጉረመረመ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉንም አሳመርኩት።

ሰብሳቢው መዝገቡን ተቀብሎ አየና መልሶ ሰጠኝ፤ «እንግዲህ ራሱ እምቢ ብሏል። የዘንድሮው ፍሬ ለነጋዴው» አለ። ጎረቤቴ እጁን ሊያነሳ ጀመረና መልሶ ሆዱን ያዘ። ሰው ተበተነ።

እሱ ግን አልተነሳም። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም።

«ምነው ጎረቤት፣ ግማሽ ማንጎ ጎመዘዘህ?» አልኩት።

ቀና አለ። ላቡ ከግንባሩ ይንጠባጠባል።

«ሽንት እምቢ አለ» አለኝ። «ከትናንት ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ያልመጣ ሰው ዛፍ የለውም ብለዋል። ሚስቴ ሆሞሻ ሄደ፣ ለቅሶ። ማን ይምጣ?» አለና ያንኑ ድምፅ ደገመው።

ያው ድምፅ ነበር፤ አንዲት ቅንጣት አልጨመረም፣ አልቀነሰም። አሁን ፊቱን እያየሁ ስሰማው ግን ሞት በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳ መሰለኝ። እርጅናዬን ረስቼ ወደ መንገዱ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል፣ ያየ ሰው የወደቀ ነገር እየፈለግሁ መስሎት ይሆናል።

ባጃጅ ተገኘ። እስከ አሶሳ ያለውን ጉድጓድ የቆጠርኩት በእሱ ድምፅ ነው። መዝገቡ ብብቴ ውስጥ እንዳለ ያወቅሁት ሆስፒታሉ በር ላይ ነው።

ነርሷ ልብሱን እየፈታች፣ «ማቃሰት ከጀመሩ ስንት ሰዓት ሆናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ እያቃሰተ ነው» አልኳት።

ቃሉ ሳልጠራው ከአፌ ወጣ። አውቀው ነበር። ጠዋትም አውቀው ነበር ማለት ነው። ወገቤን ሲያመኝ ሚስቴ «አይ አንቱ፣ ደግሞ መነጫነጭ ጀመሩ» ስትለኝ፣ «ማቃሰት ነው፣ ቃሉን አታበላሺ» እያልኩ የምሟገት ሰው ነኝ። ለራሴ ወገብ የምሟገትለትን ቃል ለጎረቤቴ ሆድ ነፈግሁት። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ አጥር ኖረን፣ እሱ ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ተቆጣ ማለት ለምጄ ኖሯል። እኔ ስታመም ያመኛል፤ እሱ ሲታመም ያኮርፋል። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

በቱቦ ሽንቱን አወጡለት። ከረጢቱ ሞልቶ ተቀየረ። «አልሐምዱሊላህ» ያለው ድምፅ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። ስገባ ትራሱን ተደግፏል። መዝገቡን ገልጬ የጻፍኩትን አነበብኩለት።

«ዛፉ ሄደ?»

«ሄደ። በእኔ ነው የሄደው።»

«ሰርዝ።»

«መዝገብ አይሰረዝም። ጸሐፊው ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ ይመሰክራል እንጂ።»

«ቁም እንግዲህ» አለኝ። «አማርኛ ያንተ ነው። ሁለቱን ድምፅ ለሰው አሰማ። ይሄ ቁጣ፣ ይሄ ሕመም፣ በል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆምኩ። የሆነውን ሁሉ ስናገር ሰብሳቢው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። ነጋዴው እንኳን፣ «እኔ የታመመ ሰው ማንጎ አልበላም» አለ። ድምፁን ግን አሰማን ተባልኩ። ማጉረምረሙን አሰማሁ፤ ማንም አልተጠራጠረም። ሚስቴ ከኋላ፣ «እሱስ የሳቸው ነው፣ ከተጋባን ጀምሮ አውቀዋለሁ» አለች። ማቃሰቱ ላይ ስደርስ ግን የጎረቤቴ ፊት መጣብኝ። አንዲት የፍየል ሳል የመሰለች ነገር ወጣችና ቆመች። ሽማግሌዎቹ ይበቃል ብለው ከታች «አቃሰተ» አስጻፉኝ፤ ግማሹ ፍሬም ተመለሰ።

እሱ ያን ቀን ከነቱቦው ቤቱ ተኝቶ ስለነበር አልሰማም። ሚስቱ ግን ከሆሞሻ ተመልሳ ስብሰባው ላይ ነበረችና አንድም ሳታስቀር ነገረችው። አሁን ድኖ በእግሩ ይሄዳል። በየማለዳው አጥሩ ላይ ይደገፍና፣ «ጎረቤት፣ ማንጎው ተመለሰ። የኔ ድምፅ ግን አልተመለሰም። ዛሬስ ታሰማኛለህ?» ይለኛል።

«ነገ» እለዋለሁ። ለጎረቤቴ እስካሁን አላቃሰትኩለትም።