ዟሪዋ አልጋ

ዛሬ ሸሕዲ ከተማ ላይ አንዲት የጠፍር አልጋ እግሯን ሽቅብ ሰቅላ በባጃጅ ስታልፍ አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

በደርግ ጊዜ ወላጅ ያጣን ልጆች በዝተን አሳዳጊ ቤት ጠፍቶ ነበር። ቀበሌው ደግሞ ቤቱ ለልጅ አልጋ ከሌለው ልጁን ወደ መጠለያ ይመልሳል። እኔን ያስጠጉኝ እማማ ዘነብም ጎረቤቶቻቸውም የሚተኙት መደብ ላይ ነው። በሰፈሩ ያለችው አንዲት አልጋ ናት፤ አልጋ ሊያይ የመጣው የቀበሌ ተቆጣጣሪ ከአንዱ ቤት በፊት በር ሲወጣ ሴቶቹ በጓሮ ተሸክመዋት ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣሉ።

እኛ ቤት ሲደርስ ተቀመጠባትና፣ «እማማ፣ ይቺ ጠፍር ዛሬ በሦስት ቤት ቆነጠጠችኝ» አለ። እኔማ መመለሴ ነው ብዬ ደረቅሁ።

«አልጋዋ ትዙር እንጂ ልጄ፣ ልጅቱ ለምን ትዙር?» አሉት።

ተነሣና ወደ ጓሮው ጮክ ብሎ፣ «ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ አትሩጡ» አለ።