ከድምፁ የዘገየ አረር

በሥራዬ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ቤት ከሲያትል ወጣ ብሎ፣ ፌደራል ዌይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሠርቼ፣ ወገቤ ለሁለት ሊቆረጥ ደርሶ፣ ዊልቸራቸውን ላወጣ ጋራዡን ስከፍተው የጠመንጃ ዘይት፣ የእርሳስና የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሽታ አንድ ላይ ፊቴ ላይ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ይወጣ ነበር። እኔ ግን እዚያው የቀለም ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ታደለ ትዝ አሉኝ።

ዲቪ ደርሶን ሲያትል ስንገባ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የተከራየነው ሌክ ሲቲ ሰፈር ነው፤ ፎቁ ላይ እኔና እናቴ፣ ከሥር ጋሽ ታደለ። አገር ቤት ሳሉ የጦር ሠራዊቱ መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሌላው የሚተኩስበትን ሲጠግኑና ሲሞክሩ ኖረው አንድ ጆሯቸው ደንቁሯል። እዚህ ደግሞ ኖርዝጌት አካባቢ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን በምታክል ክፍል ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ። እናቴ የማታ ሺፍት ስለነበረች ከትምህርት ቤት ስመለስ የምውለው እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነው። «እጅሽ ኪስሽ ውስጥ!» ትለኝ ነበር እናቴ ስትወጣ፣ በየቀኑ፣ ሳትሰለች።

እጄን ኪሴ መክተቴ እውነት ምክንያት ነበረው። ጋሽ ታደለ ጥይት ይሠሩ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባቸው ከከተማ ወጣ ያለ እርሻ ነበረው፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ሄደው ወረቀት ላይ ይተኩሳሉ። ሌላ ደስታ አላየሁባቸውም። ድምፁን ግን አይወዱም። «ጩኸት በቅቶኛል» ይላሉ። የድምፅ ማፈኛ እንዳይገጥሙ በዚያን ጊዜ ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ አረሩ ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ፣ አየሩን ሰንጥቆ የማያንባርቅ ጥይት በእጃቸው ያዘጋጃሉ። የሰፈሩ ሰው ስቆ አይጠግብም። «የማይጮህ ጥይት፣ ኧረ ጋሽ ታደለ፣ አረጁ እኮ!»

እሳቸው ዘንድ ዋናው ሥራ አረሩን መምረጥ ነበር። ቀለሃዎቹን በተፈጨ ቆረቆንዳ የተሞላ ማሽን ቀኑን ሙሉ እየተንጓጓ ያጸዳቸዋል፤ አረሩን ግን በጣታቸው አንድ በአንድ ነው የሚለቅሙት። ቀለል ያለውንና ሹሉን ወደ ጎን ገፋ ያደርጉታል። «ይኼ ችኩል ነው፤ ለዝግታ አልተፈጠረም።» የሚፈልጉት ከባዱን፣ ረዘም ያለውን፣ አፍንጫው ደልደል ያለውን ነው። ሲበዛ ረዥም ከሆነ ደግሞ የጠመንጃው አፈሙዝ በደንብ አያሽከረክረውም፤ መንገድ ላይ ይገለባበጣል። ይህን የሚያውቁት ከወረቀቱ ነው። እሑድ ማታ ኢላማውን አምፖሉ ላይ ይዘው ያሳዩኛል፤ ቀዳዳው ክብ ከሆነ ፊታቸው ይፈካል፣ ሞላላ ከሆነ «ጎኑን ይዞ ነው የገባው፣ እንደ ሰካራም» ብለው ያን ዓይነት አረር ዳግመኛ አይነኩትም። የቀረውን በሚዛን ያያሉ፣ መስታወት ላይ ያንከባልላሉ፣ የሚወላገደውን ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። እናቴ «ምስር ለቀማው እንዴት ዋለ?» ትላቸው ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ካሴት ነው። እናታቸው ደብረ ሲና ነበሩ፤ ሰው በሄደ ቁጥር ድምፃቸውን ቀድተው ይልኩላቸዋል። ሲጨርሱ ቴፑን ወደ እኔ ያዞሩታል። እኔም «እማማ፣ እንዴት ነዎት? እግርዎ ተሻለዎት?» እላለሁ። አሮጊቷም በሚመጣው ካሴት ላይ «ያቺ ልጅ አማርኛዋ አልጠፋም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። አይተውኝ አያውቁም፣ ግን የኔ ሰው ነበሩ።

እናቴ እረፍት የነበረችበት አንድ ረቡዕ ማታ እኛ ቤት ስልክ ተደወለ። ዘመድ መርዶውን በስልክ ለጋሽ ታደለ አይናገርም፤ ለጎረቤት ነው የሚነግረው። እናቴ «ወይኔ እማማን!» ብላ ጮኸችና አፏን በእጇ ያዘች። ወለሉን አየች፣ እኔን አየችኝ። «ለነገሩ ጆሯቸው አይሰማም» አለች። ሰው የሚሰበሰበው፣ ሁሉም ከሥራ እረፍት የሚሆነው ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሳይነጋ ሊያረዷቸው በስልክ ተነጋገሩ። እኔን ትከሻዬን ይዛ «ትንፍሽ እንዳትዪ! ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም፤ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል» አለችኝ።

ሐሙስ ጋራዥ ገባሁ። ጋሽ ታደለ ቴፑን ከፍተው ለእናታቸው ያወራሉ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጾሙ አወሩ፣ «በሚመጣው ዓመት እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» አሉ። ሆምወርኬ ላይ አጎንብሼ እርሳሴን እነክስ ነበር። ከዚያ ቴፑን ወደ እኔ አዞሩት።

«ለእማማ ሰላም በያቸው እንጂ።»

ወደ ቴፑ ተጠግቼ ተነፈስኩ። «አይ ካንት» አልኩ በመጨረሻ። እሳቸው ጋ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም፤ ክልክል ነው። «ጉሮሮዬን አሞኛል።»

አዩኝ። ቴፑን ዘጉ። ተመልሰው ተቀመጡና አንድ ከባድ አረር አነሱ፤ ሚዛኑ ላይ ግን አላስቀመጡትም፣ በመዳፋቸው ውስጥ ያዙት። «ፈጣኑ ከመታሽ በኋላ ነው ድምፁ የሚሰማሽ» አሉ። «ይኼኛውን ግን ድምፁ ይቀድመዋል። ሰምተሽ ትጠብቂዋለሽ።» ከዚያ «ሂጂ ልጄ፣ ዛሬ ፎቅ ላይ ሁኚ» አሉኝ። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ነገርኳቸው ማለት ነው፣ ስለ እማማ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል አሥር የምንሆን ሰዎች በሩን አንኳኳን። ሁለተኛ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጋሽ ታደለ ጥቁር ኮትና ክራባት አድርገዋል። ከኋላቸው ጋራዡ ተጠርጓል፤ ሚዛን የለ፣ አረር የለ፣ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። እናቴ ጣቶቼን ጨመቀቻቸው፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

«ለሥራ ልወጣ ስል ደረሳችሁ» አሉ። «ምነው፣ በደህና?» ቅዳሜ ሥራ ኖሯቸው አያውቅም።

ከመጡት በዕድሜ የሚበልጡት አዛውንት መርዶውን ነገሯቸው። ያን ጊዜ ደረታቸውን እየደቁ «እማዬ! እማዬ!» ብለው አለቀሱ፣ ገና እንደሰማ ሰው። እናቴ ጣቶቼን ለቀቀች። በኋላም «ጎበዝ፣ ምስጢር ጠበቅሽ» አለችኝ። ያ ምስጋና እስካሁን ያሳክከኛል። ሁለት ቀን ሙሉ የሚይዛቸው ሰው ሳይኖር ብቻቸውን አዘኑ፣ በእኔ ምክንያት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይቅርታ ልጠይቃቸው እያልኩ፣ ሺፍት ከሺፍት እያገናኘሁ፣ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ካለፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የእህታቸው ልጅ አንድ የጫማ ካርቶን አመጣልኝ፤ ክብ ቀዳዳ ያለው ኢላማ፣ አንድ ከባድ አረር፣ ስሜ የተጻፈበት ካሴት። ማጫወቻ ከየት ይመጣል? እንደዚያው ተቀመጠ። አሁን ግን ባልዲው ላይ ተቀምጬ ቀና ስል የሽማግሌው መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ቴፕ አየሁ።

በማግሥቱ ካሴቱን ይዤ መጣሁና አጫወትኩት። ዝናቡ፣ ጾሙ፣ «ጠብቂኝ»። ከዚያ የልጅነት ትንፋሼ። «አይ ካንት። ጉሮሮዬን አሞኛል።» ቋ ብሎ ተዘጋ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እንደገና ቋ አለ።

«እማዬ፣ ይኼ እንግዲህ ላንቺ አይደርስም። ለልጅቷ ይሁን። ልጄ፣ የነገርሽኝ አንቺ አይደለሽም። ረቡዕ ማታ እናትሽ ስትጮህ በጣራው በኩል ሰምቻለሁ፤ አንዱ ጆሮዬ ደህና ነው እኮ። ዛሬ ያወራሁት እንደ ልማዴ አንዴ ላውራት ብዬ ነው። ቴፑን ወደ አንቺ ማዞሬ ግን ጥፋቴ ነው፤ አስጨነቅሁሽ። ይቅር በዪኝ። ቅዳሜ እስኪመጡ አልሰማሁም፣ እሺ?»

ሽማግሌው ከውስጥ ጠሩኝ። «ኮሚንግ!» አልኩ፣ ግን አልተነሳሁም። ካሴቱ ባዶውን ሲዞር ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኳት።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት? እግርዎ ተሻለዎት?» አልኩ።